ወርቅ ላበደረ

ነፋስ ሳይነሣ ነው ሥራ የሚጀመር፣
ከሦስት ሰዓት ወዲያ መርጨት የለም በዚህ ምድር፤
ጠብታ ከበረረ ያልታሰበ ይነካል፣
ሬዋይ በእንጨት ጫፍ ክር ሰቅሎ ይለካል፤
ክሩ ዝም ሲል
«በል እዘል!» ይላል።

አዘልኩት። ዐሥራ አምስት ሊትር፤ እንደ ልጅ አያለቅስ፣
ግን እንደ ልጅ ይከብዳል ዳገቱ ላይ ስንደርስ።
ሰማያዊ ቀለም ተበጥብጦበታል፣
የተረጨው ካልተረጨው በዚያ ይለያል፤
እጄም ላይ ይቀራል፣ ሳሙና አያስለቅቀው፣
እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚያውቀው።

ሣሩ ማራም ይባላል።
ሰርጎ አልገባም እሱ፤ ተጠርቶ ነው የመጣ፣
በጆንያ ታስሮ ከመርከብ የወጣ፤
የጠራው መንግሥት ነው፣ የተከለው አያቴ፣
ኒውዚላንድ፣ ደቡብ ጫፍ፣ ሲወለድ አባቴ።

ያኔ፣
አሸዋ እንደ ሌባ ሲራመድ በሌሊት፣
በረቱን ሲሞላ፣ ሲያንኳኳ መስኮት፣
በጎች ጥርሳቸው ሲያልቅ ደቃቁን እያኘኩ፣
ሴቶች በወተት ጣሳ ደለል እየለኩ፣
በአንድ አካፋ ጉድጓድ፣ በአንድ ተረከዝ ጫና
ጭብጥ ጭብጡን ሣር ተከሉት ጎንበስ ቀና።
የአያቴ ደብተር እስከ ዛሬ ቤቴ አለ፤
በእርሳስ፦ «ሁለት ሺህ ሥር። ነፋሱ ዝም አለ።»

ዝም አለ።
አሸዋውም ዝም አለ፣ ያ ነው ያልታወቀን፤
ለካስ መንቀሳቀስ ነበር ኑሮው፣ ቀን ከቀን።
ገላጣ ላይ የምትጥል ወፍ ገላጣ አጣች፣
ከግንድ ሥር የምታድር ባለ ቀይ ጀርባ ሸረሪት ወጣች፣
አልተመለሰች።
ፒንጋኦም አለቀ፤
ሳይነከር፣ ሳይቀባ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ
በራሱ ጊዜ የሚሆን ወርቅ።

የፓሬሁያ እናት ለሽመናዋ ሦስት ቀን ተጉዛ
ትመለስ ነበር አሉ አንድ ሸክም ይዛ፤
ኋላ አንድ ጭብጥ፤ ኋላ ባዶ እጇን።
ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤
እኛ ጠጠርም አልመለስን። ሣር ብቻ።

እንክርዳድና ስንዴ አብረው ይደጉ ይላል መጽሐፉ፤
አብረው ሲያድጉ አየን፤ ስንዴዎቹ ጠፉ።

በአዳራሹ ስብሰባ «መርዝ ነው» አሉ ገሚሱ፣
«መድኃኒት ነው» አሉ ከኋላ የተነሡ፤
ሁለቱም ልክ ናቸው። ቆርቆሮው ላይ የራስ ቅል አለ፣
ከራስ ቅሉ ሥር ልኩ ተጽፏል፣ እንደ ሳል ሽሮፕ።
ሣር ይገድላል፣ መርጦ ነው የሚገድል፤
ፒንጋኦ ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደል፣
ዘንጉን በጣትህ አሽከርክረው፦ ሦስት ጠርዝ አለው።

አንድ ጠዋት አጥሩ ጋ ደረስኩ፣ አያቴ የጀመረበት፣
የመጀመሪያው ቁጥቋጦ፣ ደብተሩ ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት።
እጀታውን ሳልጫን ቆሜ ቀረሁ።
ሬዋይ ክሩን አየ።
ፓሬሁያ ከችግኙ ሣጥን ቀና ብላ፦
«ልጆቹን ሊያበላ ነው የተከለው፤ አልፈርድበትም።
አንተ ግን ነፋስ ሳይነሣ ጨርስ።»

ረጨሁ።

በአንድ ቀን አይሞትም። ስድስት ሳምንት ይገረጣል፣
ይጠቁራል፣ ይተኛል፣ በዓመቱ ከሥሩ ደግሞ ይመጣል፤
እኛም እንመጣለን።
ሁለት ክረምት እንዲህ። በሦስተኛው አሸዋው ነቃ፤
የአያቴን የአጥር ቋሚዎች በሳምንት ዋጣቸው፣
የማክሊሪን መንገድ ዘጋ። ማክሊሪ በሬ ላይ ቆሞ ሰደበኝ፤
እውነቱን ነው፣ መልስ አልነበረኝም፣
አካፋ ይዤ ተከተልኩት።

ካፈላነው ችግኝ ግማሹን ጥንቸል በላው።
የቀረው ሥር ሰደደ፤ በመኸር የአንዱ ጫፍ ቢጫ መታ።
ፓሬሁያ ተንበረከከች፤ ቢላዋው ኪሷ ውስጥ ነበር፣
አላወጣችውም።
«ገና ነው» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለእሱ እንጃ።

ማታ ደብተሩን ገለጥኩ፤
ከእርሳሱ ጽሕፈት ሥር፣ አውራ ጣቴ እንደ ሰማያዊ፣
ጻፍኩ፦ «ዛሬ ዐርባ ችግኝ። ነፋሱ ተነሣ።»